ጠመንጃው ኃይለኛ ይሁን ወይስ ቀላል?

ጥያቄ፦ አባቴ በንጉሡ ዘመን ወታደር ነበሩ። ኤም 14 ተሸክመው የጦሳን ዳገት ሲወጡ ትከሻቸው ይዝል ነበር። ግን ዛሬም "እሱን የመሰለ ጠመንጃ የለም" ይላሉ። ታዲያ ለምን ተተካ? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ እውነታቸውን ነው፤ በርቀት ጥይቱ ከክላሽ ይበልጣል። ክብደቱን ግን እየው። የኤም 14 አንድ ጥይት 24 ግራም ገደማ ሲሆን የኤም 16 (በአሜሪካ ጦር እሱን የተካው ጠመንጃ) ደግሞ ግማሹ፣ 12 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሸክም እጥፍ ጥይት ትይዛለህ፣ ለእግረኛ ደግሞ፣ በተለይ እንደኛ አገር ባለ ዳገት፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኤም 14 በተከታታይ ሲተኮስም አፈሙዙ ወደ ላይ ስለሚዘል ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አሜሪካኖችም በቬትናም ጦርነት ወደ ኤም 16 ዞረዋል። በገላጣ ቦታ ከሩቅ አልሞ ለሚተኩስ ግን እኔም የአባትህን እመርጣለሁ።