የእንጨትና የወረቀት ገቢ ንግድ፦ ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ግራፍ

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ኢትዮጵያና ኬንያ ከ1980 ጀምሮ ያስገቡትን የደን ውጤት ዋጋ ላነጻጽር ነው። ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመረጃ ቋት ሳወርድ የኢትዮጵያ መስመር 1993 ላይ ይጀምራል። የቀደመውን ከየት ላግኝ? ሁለቱን አገሮች በትክክል ለማነጻጸርስ ምን ላድርግ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መረጃው አለ፤ የተቀመጠው ግን በሌላ ስም ነው። ቋቱ እስከ 1992 ያለውን በኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ስም ይዞታል። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ስትሆን ለሁለቱም የየራሳቸው መዝገብ ተከፈተ። ሁለቱን መስመሮች እንዲሁ አይቀጥሏቸው፤ የቀድሞው አሥመራን፣ ምጽዋንና አሰብን ይጨምራል። ወይ ከ1993 ወዲህ የኤርትራን አሃዝ በኢትዮጵያ ላይ ይደምሩ፣ ወይ ጥናቱን ራሱን ከ1993 ይጀምሩ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ሲያወርዱ የደን ውጤቶችን ጠቅላላ ድምርና «የገቢ ዋጋ» የሚለውን ይምረጡ። አሃዙ በሺህ ዶላር ስለሆነ 45,000 ማለት 45 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዝርዝሩንም ካወረዱ ከድምሩ ጋር አይደምሩት። የጋዜጣ ወረቀት «ወረቀትና ካርቶን» ውስጥ፣ ኮምፔንሳቶና ችፑድም በእንጨት ሰሌዳዎች ድምር ውስጥ አስቀድመው ተቆጥረዋል።

ብዙ ጽሑፎች የሚበላሹት ዶላሩ ላይ ነው። ዋጋው የተመዘገበው በየዓመቱ በነበረው ዶላር ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (የዋጋ ንረት መለኪያ) አማካይ በ1993 144.5፣ በ2022 ደግሞ 292.7 ነበር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ 2.03 ያገኛሉ፤ የ1993ን ዋጋ ወደ 2022 ዶላር ለመለወጥ በዚህ ያባዙ፣ ሌሎቹንም ዓመታት በየራሳቸው ኢንዴክስ እንደዚሁ። አለበለዚያ ምንም ያላደገ ገቢ እጥፍ የሆነ ይመስላል። ከዚህ በተጨማሪ መጠኑን አብረው ያውርዱና ዋጋውን ለመጠኑ ያካፍሉ። ለምሳሌ የወረቀት ወጪ በ40 በመቶ ቢያድግና ቶኑ በ5 በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ የአንዱ ቶን ዋጋ በሲሶ ተወደደ ማለት እንጂ አገሩ ብዙ ወረቀት ተጠቀመ ማለት አይደለም። ጣውላ በሜትር ኩብ፣ ወረቀት በቶን ስለሚለካ መጠናቸውን አንድ ላይ አይደምሩ።

ከአሃዙ ጎን ያለውን ምልክትም ያንብቡ። ይፋዊ አሃዝ ይሁን ግምት የሚነግርዎት እሱ ነው። አንድ አገር የድርጅቱን መጠይቅ ሳይመልስ ሲቀር ድርጅቱ ያለፈውን አሃዝ ሊደግም ይችላል፤ ለተከታታይ ዓመታት አንድ ዓይነት ቁጥር ካዩ ገበያው ጸና ብለው አይጻፉ። ክፍተቱን በጉምሩክ መረጃ ለመሙላት ካሰቡ ደግሞ የበጀት ዓመት እንዳያሳስትዎ። የእኛ 2014 በጀት ዓመት ከጁላይ 8 ቀን 2021 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2022 ነው፤ ቋቱ ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራል። ስለዚህ የወር በወር መረጃ ጠይቀው በፈረንጅ ዓመት ይደምሩ፤ ብሩንም በየወሩ ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለውጡ።

በኬንያ በኩል ሁለት ጊዜያትን ግራፉ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው። የዌቡዬው ትልቅ የወረቀት ፋብሪካ በ2009 ሥራ አቆመ። በፌብሩዋሪ 2018 ደግሞ መንግሥት በሕዝብና በማኅበረሰብ ደኖች እንጨት መቁረጥን አገደ፤ እገዳው ለ90 ቀን ተብሎ እስከ 2023 ዘለቀ። ከእነዚህ በኋላ ወረቀትንና ጣውላን ለየብቻ ይመልከቱ፤ ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን አንዱን ለውጥ በሌላው ሊሸፍነው ይችላል። የነፍስ ወከፍ ስሌትም ያስፈልግዎታል፤ የኬንያ ሕዝብ ከኢትዮጵያ ግማሽ ያንሳልና።

የቤት ዕቃና የታተመ መጽሐፍ በዚህ ድምር ውስጥ የሉም። በጉምሩክ ታሪፍ የቤት ዕቃ ምዕራፍ 94፣ መጽሐፍ ምዕራፍ 49 ነው። ውጭ አገር ታትሞ የሚገባ የትምህርት ቤት መጽሐፍ በወረቀት ገቢ ላይ አይታይም፤ ባዶ ወረቀት አስገብቶ አገር ውስጥ የሚያሳትም አገር ግን ሙሉ ወጪው ይመዘገብበታል። ምዕራፍ 49ን ከጉምሩክ አውጥተው በተለየ መስመር ያስቀምጡት።