መልስ፦ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራው መርማሪ

ሰላም ወንድሜ፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ መርማሪ ያለበት ብለህ የጠየቅከው የድሮ የእንግሊዝ ድራማ «ሹስትሪንግ» ነው። ቢቢሲ ከ1979 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ 21 ክፍል ብቻ ያለው። ትሬቨር ኢቭ ኤዲ ሹስትሪንግን ሆኖ ይጫወታል። ኤዲ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አእምሮው ታውኮ ሥራውን ተወ። ከዚያ ብሪስቶል ውስጥ «ሬዲዮ ዌስት» ለተባለ ጣቢያ የአድማጮችን ችግር ይመረምራል። እኔ በጣም የምወድለት፣ ሰው እያነጋገረ ወረቀት ላይ መልኩን ጫር ጫር ሲያደርግ ነው። ዓይኑ ምን እንደያዘ እዚያ ላይ ታየዋለህ። ታሞ የዳነን ሰው እንደዚህ በክብር ያሳየ የወንጀል ድራማ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

ኢቭ ሲለቅ፣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሮበርት ባንክስ ስቱዋርት በ1981 «በርዠራክ» የተባለ ሌላ የመርማሪ ድራማ ይዞ መጣ። ሰዉ እሱን አስታውሶ ይሄኛውን መርሳቱ በጣም ያሳዝነኛል።