ፍኖተ ሰላም ላለሽው እህቴ፦ ቪትዙን ሳይሞቅ እዪው

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ጤና ጣቢያ ትሠሪያለሽ፣ ባለቤትሽ አስተማሪ ነው። ከደመወዝና ከዕቁብ ያጠራቀማችኋት ገንዘብ አለች። ደላላው ቪትዝ የምትባለውን ትንሽ ቶዮታ መኪና አሳይቷችኋል፤ ባለቤትሽ ደግሞ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ይሻላል ባይ ነው። መኪናው ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ አልፎ አልፎ ማርቆስና ባሕር ዳር ይሄዳል፣ የእናትሽ ቤት ደግሞ ከአስፋልት ወጥቶ ፒስታ ነው። «የቱን እንግዛ?» ነው ያልሽው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ ቀለምና ሚስማር ነጋዴ ነኝ። እስካሁን ሦስት አሮጌ መኪና ገዝቻለሁ። ሁለቱ አስለቅሰውኛል።

የመጀመሪያው ነጭ ኮሮላ ነበር። አዲስ አበባ ነው የገዛሁት። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልወጣም። ሻጩ ቀለበት መንገድ ላይ ይዞኝ ዞረ። ሞተሩ ድምፁ አይሰማም። ከፈልኩ፣ ስም አዞርኩ፣ እሑድ ጠዋት ወደ አገሬ ተነሣሁ። ጎሐ ጽዮን ድረስ እያፏጨሁ ነው የመጣሁት። ዓባይ በረሃን ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ። ከዚያ ሽቅቡ መጣ።

ከድልድዩ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጫለሽ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ግማሹን ሳልደርስ የሙቀት ጌጁ መነሣት ጀመረ። የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ ከፈትኩት፤ ሙቀት ከሞተሩ ይወስዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለትንሽ ጊዜ ወረደ። ቀጥሎ ቀዩ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይንፎለፎላል። ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል ከኋላዬ የቆመ የሲኖ ትራክ ሹፌር «እንዳትነካው! ፊትህን ልትቀቅል ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

እስኪበርድ ጠበቅን። ውሃ ጨመርን። ክዳኑን ሳንገጥም ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣው። ራዲያተሩ አፍ ላይ ውሃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ሰውየው አየት አደረገና «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል ወንድሜ» አለኝ። ደጀን የገባሁት በገመድ ተጎትቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተሩና ከላዩ በሚገጠመው ብረት (ቴስታታ) መሃል ያለችው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗ፣ ስትቃጠል የእሳቱ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና፣ ለሩብ ሰዓት ስትነጂ አይታወቅም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። መካኒኬ ሲፈታው የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም የለም። ሆን ተብሎ ነው የወጣው፤ ሞተሩ በአጭር ሙከራ ቶሎ እንዳይሞቅ። ቴስታታው ተጣሞ ቶርኖ ቤት ሄደ። መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ ሩብ ያህሉን ጋራዥ በላው።

ስለዚህ ከሞዴሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ቪትዙን ለማየት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂጂ። ሻጩ «ሞተሩን አሙቄ እጠብቃችኋለሁ» ካለ፣ አመስግነሽ አታሙቀው በይው። ስትደርሺ መጀመሪያ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሽ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፤ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚከፈተው። ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ካለ ተይው። የዘይቱ ክዳን ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ካለም እንዲሁ። ከዚያ አስነሡት፤ አንቺ ከኋላ ቁሚና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እዪ። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ እርጥበት ነው፤ አያስጨንቅም። ነጩ ካልቆመ ውሃ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እሱ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል።

ከዚያ ሰው ጫኑበት። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሻጩና መካኒኩ። ብቻሽን ነድተሽ የወደድሽው መኪና አራት ሰው ሲጫንበት ሌላ ጸባይ ያመጣል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ደምበጫ ንዱት፤ መንገዱ በጥቅሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጌጁ ላይ ዓይናችሁ ይሁን። ስትመለሱ ለአሥር ደቂቃ ሞተሩን ሳታጠፉ አቁሙት። ብዙ መኪና የሚጋለጠው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቪትዝ ወይስ ዲኤክስ?

ቪትዙ ባለ ስንት ሲሲ (የሞተሩ መጠን) እንደሆነ አልነገርሽኝም። ሊብሬው (የመኪናው መታወቂያ ደብተር) ላይ አለ። ባለ 1,000 አለ፣ ባለ 1,300 አለ። እዚህ እኛ ጋ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ሳትነሺ ሄዷል ማለት ነው። በባለ 1,000ው አምስት ሰውና የበዓል በግ ጭናችሁ ዓባይ በረሃን ስትወጡ ከባድ መኪና ተከትላችሁ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትድሁት። ከተማ ለከተማ ከሆነ ይበቃል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። ቤንዚን በሃይላንድ በሚሸጥበት ሰሞን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን 1,300ውን እመርጣለሁ።

ሌላው፣ ከጃፓን የመጡ ቪትዞች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ የዞሩ ብዙ አሉ። የፍሬቻው ማንሻ ከመሪው በስተቀኝ ከሆነ የዞረ መሆኑን ጠርጥሪ። መዞሩ ብቻውን ክፋት የለውም። አዟዟሩ ነው ነገሩ። ዳሽቦርዱ ሲንኳኳ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ፣ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ የተዝረከረከ ብየዳ ከታየ፣ መሪው እጅሽ ላይ የሚላላ ከሆነ ተይው። ያሪስ የሚባለው ያው ቪትዝ ነው፤ ከዓረብ አገር የመጣው ከፋብሪካው በግራ መሪ የወጣ ስለሆነ ካገኘሽ ጥሩ ነው።

ዲኤክስ ደግሞ የባለቤትሽ ትዝታ ይመስለኛል። ጠንካራ መኪና ነው፣ አልዋሽሽም። የትኛውም የገጠር ከተማ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ነገር ግን ዕድሜው የኔና የባለቤትሽ እኩያ ነው። ካርቡሬተሩ፣ ዝገቱ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ሁሉም ተራ ይጠብቃሉ። ባለቤትሽ ቅዳሜን ጋራዥ ማሳለፍ የሚወድ ሰው ከሆነ ይግዛው። አንቺ ሌሊት ተረኛ ሆነሽ የምትመላለሺበት ከሆነ ግን አይሆንም።

ፒስታውን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ ሁለቱም እናትሽ ጋ አይደርሱም። ለዓመት ሁለት ጊዜ ጭቃ ብለሽ ከፍ ያለ መኪና ፍለጋ ገንዘብሽን አትጨርሺ። አስፋልቱ ዳር አቁመሽ በባጃጅ ግቢ።

«ለዚህ ብረት ይሄ ሁሉ ብር?» ያልሽውም ልክ ነሽ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ተያዘ። ስለዚህ መጣል የነበረበት መኪና ሁሉ ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ መሙያ) ተቀብቶ ገበያ ወጥቷል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። በሩ ላይ ይዞ ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ላይ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ጎማውም ዕድሜ አለው፤ ጎኑ ላይ አራት አሐዝ ፈልጊ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ስትነዱ ከፊት ጎማ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ሁለተኛው መኪናዬ ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ያቃጠለኝ ወረቀቱ ነው። ደላላው «ስም ማዞር ወጪ ነው፣ በውክልና ውሰደው፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። በስምንተኛው ወር ባለቤቱ አረፉ። ውክልና ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በወካዩ ሞት ያበቃል። መኪናው በሕግ የወራሾች ሆነ። ወራሾቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ውጭ አገር። ቦሎ ማደስ እንኳ አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት ከረመ። በመጨረሻ ለወራሾቹ ድጋሚ ገንዘብ ጨምሬ ነው የተላቀቅኩት።

ስለዚህ ስም ሳይዞር ሙሉ ገንዘብ አትክፈይ። ሊብሬውን ይዘሽ ፋይሉ ያለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሂጂና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሪ። ባንክ አስይዞት ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን በዓይንሽ ከሊብሬው ጋር አስተያዪ፤ ሞተር የተቀየረበት ከሆነ መመዝገብ አለበት። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ላንቺ አይዞርም። «ያልቃል፣ ሰው አለን» የሚል ካለ እሱ ሰው ይጨርስና ያኔ ትከፍሉታላችሁ።

ሦስተኛውን አሁንም እነዳዋለሁ። እሱንም ኮሮላ ነው የገዛሁት፣ ዳንግላ ላይ፣ ከጡረተኛ አስተማሪ። በሩ ተጭሯል፣ ወንበሩ ተቀዷል። ብቻዬን ብሆን ቀለሙን አይቼ እመለስ ነበር። አባቴ አብሮኝ ነበር። አባቴ መኪና አያውቅም፣ በሬ ነው የሚያውቀው። መኪናውን ዞር ብሎም አላየው። ሰውየውን ነው ያየው። «ለምን ትሸጠዋለህ?» አለው፣ ልክ በሬ ተራ እንደሚጠይቀው። ሰውየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ሐኪም እንዳይነዱ ከልክሏቸዋል። ይህን ሲነግሩን ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ቤት ገብተው በላስቲክ የታሰረ የተማሪ ደብተር አመጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ የተቀየረበት፣ ሁሉም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ግዛው» አለኝ።

ደብተር ያለው ሻጭ ብርቅ ነው። ግን «መጨረሻ ዘይት መቼ ቀየርክ? የት ጋራዥ?» ብለሽ ጠይቂ። ራሱ ሲነዳው የኖረ መኪና ከሆነ ሳያስብ ይመልስልሻል። ሊያተርፍበት ከሳምንት በፊት የገዛው ነጋዴ ከሆነ ወደ ደላላው ዞሮ ያያል።

መካኒክ ስትወስጂ ደላላው ያመጣውን አትውሰጂ። የአንድ ቀን ሒሳቡን ራስሽ ክፈይው፤ ከገዛሽ በኋላም መኪናውን የሚይዝልሽ እሱ ይሁን። የሚያውቀውን ሞዴል ጠይቂው። መለዋወጫው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ የሚገኝ መሆን አለበት፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ዕቃ የለም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ነው ርካሽ ሆነው ያየሻቸውን ሌሎቹን ሞዴሎች የማልመክርሽ።

ያላችሁን ገንዘብ ደግሞ ሙሉውን አታውጡ። ከአምስት እጅ አንዱ ይቅር። የመጀመሪያው ወር ላይ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ ምናልባት ሁለት ጎማ፣ የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። ለቪትዙ የተጠየቃችሁት ዋጋ ይህን የማያስተርፍ ከሆነ ሌላ ዕቁብ እስኪወጣ ጠብቁ።

ቪትዙን ካያችሁት በኋላ ሲሲውንና የጠዋቱን ጭስ ቀለም ጻፊልኝ። ወደ ማርቆስ ይዛችሁት ልትመጡ ከቻላችሁም የኔ መካኒክ ከሰኞ በቀር ሁልጊዜ አለ።