የፎቶ ቀለም ጥያቄዎች ከጎንደር፦ ፒግመንት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ፒግመንት ስለሚባለው የፎቶ ማተሚያ ቀለም ከጎንደር ፎቶ አንሺዎችና ፎቶ ቤቶች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ላለ አንድ ካፌ የፋሲል ግንብን ፎቶ በኤፕሰን ኤል 1800 ማተሚያ አትሜ ሰጠሁ። ብዙም ሳይቆይ ደበዘዘ። ቀለሙ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ የግድ ፎርጅድ አይደለም። ያ ማሽን የሚሠራው በዳይ ቀለም ነው። ዳይ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሟሙቶ ያልቃል። ፒግመንት ግን እንደ ቡና አተላ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ በጣም ደቃቅ ጠጣር። ብርሃንና አየር ላይ ያለው ኦዞን የሟሟውን ቶሎ ይበሉታል። ጠጣሩን ግን ከላይ ከላዩ ስለሚነኩት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ለአልበም ዳይ ይበቃል፣ ተዘግቶ ይቀመጣላ! ግድግዳ ላይ ለሚውል ግን ፒግመንት ይሻላል። ስለዚህ ደንበኛህን መጀመሪያ የምትጠይቀው ፎቶው የት እንደሚሰቀል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እዚያው ኤል 1800 ላይ ፒግመንት ብሞላስ?

መልስ፦ ሄዱ፣ ማለትም ቀለም የሚረጨው የማሽኑ ጭንቅላት፣ ይረጨዋል፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ቀለምም አለ። እኔ ግን አልመክርህም። ማሽኑ ስድስት ቀለም ነው፤ ጥቁሩ አንድ፣ ግራጫ የለውም። ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ማሽኑ ቀለሞቹን የሚመጥንበት ፋይል፣ ለዳይ የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ ይዛባል፤ አዲስ ማሠራት ሊኖርብህ ነው። ቆሞ ከሰነበተ ደግሞ አተላው ይዘቅጣል። እምቢ ካልክ ቢያንስ የድሮውን ዳይ ከነቱቦው አጥበህ አውጣ። ሁለቱን እንዳትቀላቅል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ብላክና ማት ብላክ ሁለቱም ጥቁር አይደሉም እንዴ? ለምን ሁለት እገዛለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚወስነው ወረቀቱ ነው። ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ፎቶ ብላክ፣ ለማት (ለማያብረቀርቅ) ወረቀትና ለጥጥ ወረቀት ማት ብላክ። ማት ብላክን የሚያብረቀርቀው ላይ ብታትሚው በእጅ ሲነካ ይለቃል። ፎቶ ብላክን ጥጥ ላይ ካተምሽው ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። እንደ ኤፕሰን ፒ 800 ያሉት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ቀለም ያባክናሉ። ፒ 700 እና ፒ 900 ግን ለሁለቱም የየራሳቸው ኖዝል (ቀለም የሚወጣበት ቀዳዳ) አላቸው። ወረቀት የምታቀያይሪ ከሆነ ይሄን አስቢበት።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳትም አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሮዝ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ግራጫውን ከባለቀለሞቹ እየቀላቀለ ስለሚሠራው ነው። ሁለት ደረጃ ግራጫ ቀለም ያለው ማሽን ይገላግልሃል።

ጥያቄ፦ የጥምቀት ፎቶ ላይ ነጠላው ቦግ እንዲል በጣም ነጭ ወረቀት ልግዛ?

መልስ፦ ተጠንቀቅ። ያ ቦግ የሚለው ነጭ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወረቀቱ ውስጥ ከተጨመረ ማንጫ ኬሚካል ነው። እሱ በጊዜ ይደክምና ወረቀቱ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ውድ ፒግመንት ገዝቶ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ማፍሰስ ለእኔ ገንዘብ መጣል ነው። ማንጫ የሌለበት የጥጥ ወረቀት መጀመሪያ ክሬም ይመስልሃል። ነጭ ፓስፓርቱ (ፎቶውን ዙሪያውን የሚከበው ካርቶን) አጠገቡ ካላደረግክ ግን ዓይን ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ሄዱ ይደፈናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የጎንደር በጋ ደረቅ ነው፤ ለፒግመንት ፈተና ነው። መብራት እያተመ ሳለ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ማረፊያው ሳይመለስ ክፍቱን ይቀራል፤ የሚደርቀው ያኔ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከቀለሙ እኩል አስፈላጊ ነው። ማሽኑን ራሱ ላይ ባለው ቁልፍ አጥፋ እንጂ ከሶኬት አትንቀል። ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንዴ ኖዝል ቼክ (ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ገጽ) አትም። ከተደፈነ ክሊኒንጉን (የሄድ ማጽጃውን ትእዛዝ) ደጋግመህ አትጫን፤ ቀለም ጨርሶ ይጠጣል። አንዴ ሞክረህ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው።

ጥያቄ፦ የቀለሙ ካርቶን ላይ ፎቶው መቶ ምናምን ዓመት ይቆያል ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ያ ቁጥር የሚሠራው ለተፈተነበት ወረቀትና ብርሃን፣ ለራሱ ለኩባንያው ቀለም ነው። ገበያ ላይ በጠርሙስ የሚሸጠውን አይጨምርም። የራስህን ፈትን፦ አንድ ፎቶ አትምና ግማሹን በጥቁር ካርቶን ሸፍነህ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፈው። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶኑን አንስተህ ሁለቱን ግማሾች አስተያይ። ቢጫውን በደንብ ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው።