የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ቅርስና ገንዘብ አያያዝ

ለዚህ ዕትም ከጎጃም የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በተለያየ ወገን ያሉ ሰዎች የጻፏቸው ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አያያዝ በመሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ስሆን፣ ከማስተማሩ ሥራ ጋር ሙዚየሙንም እንዳስተባብር ተመድቤአለሁ። የተረከብኩት አንድ አዳራሽ፣ አንድ ጠባብ ማከማቻ ክፍል፣ እንዲሁም ከአካባቢው ሕዝብ የተሰበሰቡ የብራና መጻሕፍት፣ የአርበኞች ጦርና ጋሻ፣ የሸክላና የስፌት ሥራዎች ነው። በሰኔ ወር የንብረት ክፍል ቆጣሪዎች መጥተው እንደ ወንበርና ጠረጴዛው ሁሉ በቅርሶቹ ላይ በቀለም ቁጥር ሊጽፉ ሲሉ አስቆምኳቸው። እነርሱ ግን «ያልተመዘገበ ንብረት ኦዲተር ያስጠይቀናል» ይላሉ። በጀት ስጠይቅ ደግሞ «ለመሆኑ ምን ያህል ንብረት ይዘሃል?» እባላለሁ። ሥራውን ከየት ልጀምር?
(የሙዚየም አስተባባሪ፣ ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀለሙን ማስቆምዎ ተገቢ ነበር፤ የቆጣሪዎቹም ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። እርስዎ ሊሰጧቸው የሚገባ መዝገብ ስላልነበረዎት፣ እነርሱ የሚያውቁትን ብቸኛ መዝገብ ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ ሥራው ከቅርስ መዝገብ ይጀምራል፤ የበጀቱም ጥያቄ የሚመለሰው ከዚያው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ቋሚ ንብረት ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለተጠቃሚው ይሰጣል፣ ዋጋው በየዓመቱ በእርጅና እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም አገልግሎቱን ሲጨርስ በኮሚቴ ታይቶ ይወገዳል። ይህ ሥርዓት ለኮምፒውተርና ለመደርደሪያ የተሠራ ነው። አንድ የአርበኛ ጋሻ በዚሁ መንገድ ቢመዘገብ የግዥ ዋጋ ስለሌለው በአንድ ብር ይገባል፤ በሁኔታ መግለጫው ላይም «አሮጌ፣ የተቀደደ» ተብሎ ይጻፋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴው ዝርዝሩን ሲያይ፣ አሮጌና የተቀደደ የአንድ ብር ዕቃ ለምን ቦታ እንደሚይዝ ሊገባው አይችልም። ይህን የምንለው ኮሚቴዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ የቀረበላቸው ወረቀት የሚነግራቸው ይህንኑ ነውና።

ስለዚህ ሁለት መዝገብ ይኑርዎት። የመስታወት ሣጥኖች፣ መደርደሪያዎች፣ ካሜራና ኮምፒውተር እንደ ማንኛውም ንብረት በንብረት ክፍሉ መዝገብ ይግቡ፤ ቁጥርም ይጻፍባቸው። ቅርሶቹ ግን ገጹ አስቀድሞ ቁጥር በተሰጠው፣ በተጠረዘ የቅርስ መዝገብ ላይ በማይለቅ ቀለም ይመዝገቡ። ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኘው በንብረት ክፍሉ በኩል የሚቀመጥ አንድ የርክክብ ሰነድ ሲሆን፣ እርሱም የቅርሶቹን ጠቅላላ ብዛት፣ የመዝገቡን መለያና ኃላፊነቱን የወሰደውን ሰው ስም ይይዛል፤ ዋጋ አይጻፍበትም። ኦዲተሩ የሚፈልገው ተጠያቂ ሰውና ሊቆጠር የሚችል ዝርዝር በመሆኑ፣ ይህ ሰነድ በደንብ ከተዘጋጀ አብዛኛውን ክርክር ይዘጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የዝርዝሩን ቅጂ በዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ በኩል ለሚመለከተው አካል ማድረስ አይዘንጋ።

ለእያንዳንዱ ቅርስ የሚጻፈው ብዙ አይደለም፦ መለያ ቁጥሩ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ፣ በተረከባችሁበት ዕለት የነበረበት ሁኔታ፣ ከማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደመጣ፣ አሁን ያለበት ቦታ፤ ከዚህም ጋር ፎቶግራፉ። «በምን መንገድ» የሚለው ችላ ይባላል፤ ነገር ግን ስጦታ፣ ግዥና ውሰት በሕግ ፊት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የለጋሹ ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ መጥተው «የአባታችንን ጦር አደራ ብለን ነው የሰጠነው» ቢሉ፣ መልሱ መገኘት ያለበት በለጋሹ ፊርማ ከተዘጋጀው የስጦታ ውል ውስጥ ነው። መለያ ቁጥሩ የመጣበትን ዓመት፣ በዚያ ዓመት ስንተኛው ርክክብ እንደነበረና በርክክቡ ውስጥ ስንተኛው ዕቃ እንደሆነ ቢያሳይ ይመረጣል፤ ለምሳሌ 2017.3.12።

ቁጥሩን በቅርሱ ላይ ስለማኖር፦ ለጨርቅና ለስፌት በነጭ የጥጥ ክር የተሰፋ ትንሽ ጥብጣብ፣ ለጋሻና ለጦር በክር የሚንጠለጠል ካርድ፣ ለብራና መጽሐፍ ደግሞ በገጾቹ መካከል የሚገባ ወይም በማኅደሩ (በሚያዝበት የቆዳ ከረጢት) ላይ የሚታሰር ወረቀት ይበቃል። በሸክላና በብረት ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በማይታይ ቦታ መጀመሪያ ሊነሳ የሚችል ግልጽ ሽፋን ተቀብቶ ከላዩ ይጻፋል። በእጅ የተያዘው እስክሪብቶና ኮላ ከቅርስ ይራቅ።

ሰኔ ለእናንተ ቆጠራ ጥሩ ወር አይደለም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ንብረት ክፍሉ በዚያ ወር ይቆጥራል፤ የጎጃም ክረምት ግን ያን ጊዜ ገብቷል፣ ሣጥንና መጽሐፍ መክፈትም እርጥበትን መጋበዝ ነው። ቅርሶቹን አንድ በአንድ የምትቆጥሩት አየሩ ደረቅ በሆነበት በጥርና በየካቲት ይሁን፤ ከንብረት ክፍሉና ከታሪክ ትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ ሰው ጨምራችሁ ከተፈራረማችሁ፣ በሰኔ የምታቀርቡት ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ይሆናል።

የዕለቱ ሥራ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ጠዋት በሩን ሁለት ሰዎች ይክፈቱት፤ በአዳራሹ ያለውን ከዝርዝሩ ጋር አይተው፣ የእርጥበት መለኪያውን አንብበው በዕለት መዝገብ ይፈርሙ፤ ማታም እንዲሁ። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲሰነብት ሻጋታ ስለሚነሳ፣ በሐምሌና በነሐሴ መደርደሪያውን ከግድግዳና ከወለል ማራቅ፣ ክፍሉ ሸተተ ብሎም ዝናብ ባለበት ጠዋት መስኮት አለመክፈት ያስፈልጋል። ብራና፣ ጨርቅና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ባይበልጥ ይመከራል፤ ይህ ማለት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት መጋረጃ ያሻዋል፣ የተዘረጋ የብራና ገጽም ለዓመታት እንደተዘረጋ አይተውም። የጥበቃ ሠራተኞች በየሳምንቱ ከበር ወደ በር የሚዘዋወሩ ከሆነ፣ ለሙዚየሙ ቋሚ ሰዎች እንዲመደቡ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አሁን ወደ በጀቱ እንምጣ። «ሙዚየሙን ለማጠናከር» ተብሎ የሚቀርብ ጥያቄ በማንኛውም በጀት ኮሚቴ ፊት የመጀመሪያው ተቀናሽ ነው፤ መቀነሱም አያስገርምም። መዝገቡ ሲጠናቀቅ ግን በሁኔታ መግለጫው ላይ ስንት የብራና መጽሐፍ ማኅደር እንደሌለው፣ ስንት ጨርቅ ተጣጥፎ እንደተቀመጠ፣ ስንት ዕቃ ወለል ላይ እንዳለ ይታወቃል። ያን ጊዜ ጥያቄዎ የሣጥን፣ የመደርደሪያና የመለኪያ ብዛት ይሆናል፤ መደርደሪያው ከ6300 ቋሚ ንብረት፣ አላቂው ዕቃ ከ6200 እየተባለ በሒሳብ መደቡ ይቀርባል። ሁለተኛው ማስረጃ የትምህርት አገልግሎት ነው፦ የትኛው ትምህርት ክፍል፣ ስንት ተማሪ ይዞ፣ የትኛውን ቅርስ ለምን ትምህርት እንደተጠቀመ በዕለት መዝገቡ ይያዝ። በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ሙዚየሙና ቤተ መጻሕፍቱ ለምርምሩ የቆሙ የአንድ ተቋም ክፍሎች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ከከተማ ሙዚየም የሚለይበት ክርክር ይህ ነውና፣ ለምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የሚያቀርቡት ሪፖርት በዚህ ይጀምር።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የምከታተለው የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የመግቢያ ክፍያ ይሰበስባል፣ የሸማኔዎችንና የስፌት ሠሪዎችን ሥራም ይሸጣል። የሙዚየሙ ኃላፊ ከዕለቱ ገቢ ላይ አምፖልና የጽዳት ዕቃ ገዝተው ቀሪውን ገቢ ያደርጋሉ፤ የገዙበትን ደረሰኝም ያቀርባሉ። ሰውየው ሐቀኛ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ይህ አሠራር ችግር አለው?
(የሒሳብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለው። የተሰበሰበው ገንዘብ ምንም ሳይነካ በገንዘብ መቀበያ ደረሰኙ በሞዴል 64 ገቢ ሆኖ ባንክ መግባት አለበት፤ አምፖሉ የሚገዛው ለጥቃቅን ወጪ ተፈቅዶ ከተያዘ ሌላ ገንዘብ ነው። ገቢና ወጪ ተቀናንሰው ሲመዘገቡ ሙዚየሙ በእርግጥ ስንት እንደሚያስገባም ስንት እንደሚያወጣም አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት የጽዳት በጀት ሲጠየቅም «እስከ ዛሬ በምን ስትሠሩ ነበር?» የሚል መልስ ይመጣል። ሐቀኛውን ኃላፊ የሚጎዳው በመጀመሪያ ይኸው ነው።

ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ የሚሸጠውና በር ላይ የሚቆርጠው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ለምሳሌ በዕለቱ ከቁጥር 201 እስከ 240 ከተሸጠ 40 ትኬት ነው፤ የበሩ ጉርድም፣ በሣጥኑ ያለው ገንዘብም ከዚሁ 40 ጋር መግጠም አለበት። በነጻ ለሚገቡ ተማሪዎችም ዋጋ የሌለው ሌላ ቀለም ያለው ትኬት ይሰጥ። አለበለዚያ የከፈለው ሁሉ «ነጻ ነበር» ሊባል ይችላል፤ የጎብኚዎች ብዛትም ይጠፋል። በብዙ የጎጃም ገዳማት ዕቃ ቤቱ በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ እንደማይከፈት ለኃላፊው ቢያስታውሷቸው፣ ነገሩ ያለመታመን ጉዳይ እንዳልሆነ ለመረዳት የሚቸገሩ አይመስለንም። የመዋጮ ሣጥንም ካለ እንደዚሁ በሁለት ቁልፍ ተከፍቶ በቃለ ጉባኤ ይቆጠር።

የእጅ ሥራዎቹ የባለሙያዎቹ ሆነው ሙዚየሙ በአደራ የሚሸጥላቸው ከሆነ፣ የሙዚየሙ ገቢ በውሉ የተወሰነው ኮሚሽን ብቻ ነው፤ ቀሪው የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ በተከፋይ ሒሳብ ይያዝ፣ ክፍያውም አይዘግይ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እንዲያመነጩ ስለሚፈቅድ፣ ከዚህ የሚገኘው ገቢ ለሙዚየሙ የሚመለስበትን ድርሻ ቦርዱ በመመሪያ እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል። በትኬት ብቻ ራሱን የሚችል ሙዚየም ግን ከየትም ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ አስተዳደሩ ይህን ቢጠብቅ የተሳሳተ ተስፋ ነው።

«ገቢ ማመንጨት» ሲባል አልፎ አልፎ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ፤ የተደጋገሙ ቅርሶችን መሸጥ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በሥነ ምግባር ደንቡ፣ የሙዚየም ስብስብ ለሕዝብ በአደራ የተያዘ እንጂ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት እንዳልሆነ ደንግጓል። ይህ ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቢነሳ የሒሳብ ባለሙያው ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ ቢሰፍር መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በአቅራቢያችን ያለ ዩኒቨርሲቲ ለአውደ ርዕይ አንድ የብራና ገድል እንድናውሰው ጠይቆናል። ምእመናኑ «ከሄደ አይመለስም» ብለው ፈርተዋል። ምን እናድርግ?
(የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቃል የሚደረግ ውሰት ስንት ቅርስ እንዳስቀረ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ የሀገረ ስብከቱን ፈቃድ ያግኙ፤ ቀጥሎም የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት የውሰት ውል ይጠይቁ። ውሉ የመጽሐፉን ልክ፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የሥዕሎቹን ብዛትና ያለውን ጉዳት ሁሉ መዘርዘር፣ የእያንዳንዱም ገጽ ፎቶግራፍ አባሪ መሆን አለበት፤ ሲወጣና ሲመለስ ቄሰ ገበዙ ባሉበት ይቆጠር። የማጓጓዣውንና የጥበቃውን ወጪ ተዋሹ ይሸፍን፤ ፎቶግራፉን ለምን ሊጠቀምበት እንደሚችልም በውሉ ይወሰን። መጽሐፉ ለቅዳሴ ወይም ለዓመታዊ ክብረ በዓል የሚያስፈልግ ከሆነ ከቀኑ በፊት እንዲመለስ ይጻፍ።

ማዋሱ ጨርሶ ካልተስማማችሁ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሀገራችን በተካሄደው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ከተቀረጹ በኋላ ለየባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል፤ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ በቅጂው ይጠቀማሉ። ዩኒቨርሲቲው ባለሙያና ካሜራ ይዞ ወደ ደብሩ መጥቶ ቢያነሳ፣ በአውደ ርዕዩ የገጾቹን ቅጂ ማሳየት ይችላል፤ ከተነሳውም አንድ ሙሉ ቅጂ ለደብሩ እንዲሰጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ።