መንጠቆህን ሳታውቅ ሞልድ አትግዛ፦ የባስ ጂግ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ጂግ (የቀለጠ እርሳስ፣ ማለትም ከባዱ ብረት፣ ሞልድ በሚባል ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መንጠቆ ላይ ፈስሶ የሚሰራ የዓሣ ማጥመጃ) እቤት ስለመስራት የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተዋል፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድም ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል፣ ጂግ መግዛቱ ኪሱን ጎድቶታል፣ «የመጀመሪያ ሞልድ የቱን ልግዛ? እርሳስ የሚፈስበት ቀዳዳው የበዛው አይሻልም?» ይላል።

የቀዳዳው ብዛት ይቆይህ። መጀመሪያ የምታጠምድበትን ውሃ እይ፣ ከዛ መንጠቆውን ምረጥ፣ ሞልዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚሰራው፣ ቅናሽ ላይ ያለ ሞልድ ያይና ይገዛል፣ ከዛ የሚገጥምለት መንጠቆ ፍለጋ ይንከራተታል። ማታዎማን ክሪክ ሃይድሪላ የሚባለው የውሃ ሳር ውስጥ ከሆነ የምትጥለው ስዊም ጂግ የሚባለውን ያዝ፣ አፍንጫው ሾል ያለ ነው፣ ክር የሚታሰርበት ቀለበትም ጫፉ ላይ ስለሆነ ሳሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ቀለበቱ አናቱ ላይ የቆመ ራስ ግን በጎተትከው ቁጥር ሳር ለቅሞ ነው የሚመጣልህ። ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በላይ ድንጋዩ ላይ ስሞልማውዝ የሚባለው የባስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፉትቦል የሚባለው ራስ፣ ወደ ጎን ሰፊ ስለሆነ ድንጋይ መሀል ቶሎ አይሰነቀርም። ለወደቀ ግንድና ለጀልባ ማቆሚያ ስር አርኪ የሚባለው የራስ ዓይነት ነው። አንድ ብቻ ምረጥልኝ ካልከኝ አርኪ እልሃለሁ፣ ሳሩም ድንጋዩም ላይ አንደኛ ባይሆንም የትም አያሳፍርም። 3/8 እና 1/2 አውንስ ያለበት ይሁን፣ አብዛኛውን የምትጠቀመው እነሱን ነው። እንደ ዱ-ኢት ያሉት የአሉሚኒየም ሞልዶች የትኛው መንጠቆ በየትኛው ቁጥር እንደሚገባባቸው ተጽፎላቸዋል፣ እሱን ሳታነብ ብር እንዳታወጣ። የዊድጋርዱን (መንጠቆው ሳር እንዳይዝ የሚከልለውን ብሩሽ) ቀዳዳ የሚያወጣው ፒን ለብቻው የሚሸጥ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ጠይቅ።

ሌላው መንጠቆው ሞልዱ ውስጥ አልተኛ ብሎት «በሞረድ ላስፋው?» ይላል።

አታስፋው። መንጠቆውን አስገብተህ ዝጋውና ወደ መስኮት አንሳው፣ በሁለቱ ግማሾች መሀል እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ካየህ እርሳሱ በዛች ክፍተት ይወጣል፣ ራሱ ዙሪያውን ስስ ክንፍ ያበቅላል። አንዴ ከሞረድከው ደግሞ ትክክለኛው መንጠቆም ይወላከፍበታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለበቱ ማዕዘን ነው፣ 60 ዲግሪ ለታጠፈ መንጠቆ የተሰራ ሞልድ 90ውን አይቀበልም። መንጠቆውን ቀይር በቃ።

«በጄሶ ሞልድ ብሰራስ?»

ተው፣ ጄሶ ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ የቀለጠውን እርሳስ ፊትህ ላይ ትረጨዋለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህት ባለቤቷ ማታ ማታ ኪችን ውስጥ እርሳስ እንደሚያቀልጥ ጽፋለች። መስኮት ይከፍታል፣ የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። «እያካበድኩ ነው?» ትላለች።

አላካበድሽም እህቴ፣ ዛሬውኑ ይቁም። መስኮት መክፈቱ ጭሱን ያስወጣ ይሆናል፣ ትልቁ ችግር ግን ጭሱ አይደለም። እርሳስ ሲቀልጥ ከላዩ ግራጫ ስስ ቆዳ ይይዛል፣ እሱን በማንኪያ ሲገፉት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፣ ምድጃው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የባለቤትሽ እጅጌ ላይ። አይሸትም፣ አብዛኛውም አይታይም። ልጁ ደግሞ ወለል ላይ ነው የሚውለው፣ እጁም ከአፉ አይጠፋም። የህጻን ሰውነት ከዋጠው እርሳስ የሚያስቀረው ከትልቅ ሰው በብዙ ይበልጣል፣ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው፣ ትምህርቱን፣ ትኩረቱን፣ ጠባዩን፣ ያውም ምንም ምልክት ሳያሳይ። የአሜሪካው የጤና መስሪያ ቤት ሲዲሲ ከ2021 ጀምሮ ለህጻናት የማስጠንቀቂያ መስመር ያደረገው በዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ነው፣ ከሱ በታች ደህና ነው ማለት ግን አይደለም፣ ለህጻን ደህና የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ልጁን ሀኪሙ ጋ ውሰጂና «ቤታችን ውስጥ እርሳስ ሲቀለጥ ነበር፣ የደም ምርመራ ይደረግለት» በይ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሳይታመም ምን ያስመረምረዋል የሚል ዘመድ አይጠፋም፣ አትስሚ። እርጉዝ ከሆንሽ አንቺም ተመርመሪ፣ ወደ ጽንሱ ያልፋል። ወለሉን በደረቁ አትጥረጊ፣ ተራ ቫኪዩምም አታስነሺ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውይና ጨርቁን ጣይው። ያቀለጠበት ድስትና ጭልፋ ታጥቦም ቢሆን ለምግብ አይመለስም። ለባለቤትሽ ደግሞ ይሄን አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ አፓርትመንት ውስጥ እርሳስ አይቀለጥም። ደጅ የራስህ ቦታ ካለህ እዛ ስራ፣ ልብስና ጫማህን እዛው ቀይረህ፣ እጅህን በሳሙና ታጥበህ ግባ። ቦታ ከሌለህ ቀለም የተቀባ ራስ ግዛና ስከርቱን (ራሱ ስር የሚንዘረፈፈውን ጭራ) ብቻ ራስህ እሰር፣ እሱንም ልጅህ በማይደርስበት።

«የማወጣው ራስ ይጨማደዳል፣ ግማሹም አይሞላም፣ እርሳሱ ይሆን?»

ሞልዱ ቀዝቃዛ ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ይፈሳል እንዴ? መጀመሪያ የሚወጡትን መልሰህ አቅልጣቸው፣ ሞልዱ ሲሞቅ ይስተካከላል፣ ውስጡን በሻማ ጭስ ማጥቆርም ይረዳል። የአሮጌ ጎማ ሚዛን (የመኪና ጎማ ላይ ለማመጣጠኛ የሚደረገውን ብረት) እየለቀምክ ከሆነ ግን ዚንክ ተቀላቅሎብህ ሊሆን ይችላል። እርሳስ 327 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፣ ዚንክ 419 ላይ፣ ስለዚህ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቶሎ አውጣ።

«ለጓደኞቼ ብሸጥ ችግር አለው?»

አሜሪካ ውስጥ ጂግ ሰርቶ የሚሸጥ ሰው 10 ፐርሰንት የፌደራል ኤክሳይዝ ታክስ አለበት። ዝርዝሩን ታክስ ሰሪህን ጠይቅ።

ወደ ቦስተን የዞረ ወንድም የድሮ እርሳስ ጂጎቹን ይዞ መሄዱን ነግሮናል።

እዛ አታጥምድባቸው። ማሳቹሴትስ ከ2012 ጀምሮ ከ1 አውንስ በታች የሆነ የእርሳስ ጂግ በሀይቅና በወንዝ ከልክሏል፣ ሉን የሚባለው ወፍ እየዋጠው ስለሚሞት ነው፣ ኒው ሃምፕሻየርም ተመሳሳይ ህግ አለው። ሞልድህን አትጣል፣ ቢስመዝና ቆርቆሮ የተቀላቀለበትን ብረት አፍስስበት፣ ማቅለጫው ግን እርሳስ ነክቶት የማያውቅ ይሁን፣ ሞልዱንም እርሳስ እንዳይቀርበት ደህና አድርገህ አጽዳው። ከእርሳስ ስለሚቀል የ1/2 አውንሱ ቀዳዳ 3/8 አካባቢ ነው የሚሰጥህ። ደግሞ ይሄ ብረት 138 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ፓውደር ፔይንት (በሙቀት የሚጠነክር የዱቄት ቀለም) ቀብተህ እንደ ድሮው 177 ላይ ኦቨን ከከተትከው ጂጉ ራሱ ይፈስብሃል፣ በፈሳሽ ቀለም ቀባው።