«ጋሼ፣ ለክተዋል?»

ሰላም ልጆች፣ በተለይ ከተቀጠራችሁበት ወጥታችሁ በራሳችሁ መሥራት የጀመራችሁ ኤሌክትሪሺያኖች። ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ ደውሎ «ጋሼ፣ 16 ዓመቱ የሆነ ልጅ ቤተሰቦቹ ሙያ ይልመድ ብለው አምጥተውልኛል፣ ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። ያዘው ብዬ የመጣልኝን ነገር ነግሬው ስልኩን ዘጋሁ፣ ግን ከዘጋሁት በኋላ ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ገባኝ፣ ስለዚ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ እስካሁን አራት ልጆች ይዤ አሠልጥኛለሁ። ሁለተኛው ልጅ ላይ ያጠፋሁትን ነው መንገር የምፈልገው።

ያኔ 16 ዓመቱ ነበር፣ ከኔ ጋ ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ። ቀልጣፋ ልጅ ነው፣ ፒንሳ አቀብለኝ ሳልለው ይዞ የሚጠብቅ ዓይነት። አንድ ቀን የተቃጠለ ሶኬት ልንቀይር የደንበኛ ቤት ገባን፣ ሴትየዋ ልትወጣ ቸኩላ ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ እኔም ብሬከሩን (ቦርዱ ላይ ያለውን መቁረጫ) አወረድኩና ኮረንቲው መጥፋቱን በቴስተር ሳልለካ ሶኬቱን ፈታሁት። ቦርዱን ራሴ ነኝ የገጠምኩት፣ የትኛው ብሬከር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም፣ በዛው ረሳሁት። ልጁ ግን አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር።

ከአስር ቀን በኋላ ሌላ ቤት ነን፣ እኔ ማድ ቤት ገመድ እየሳብኩ ነው፣ ኮሪደር ላይ ያለውን የአምፖል መያዣ ቀይረው ብዬ ላክሁት። ብሬከሩን አውርድ እንኳን አላልኩትም። እሱ ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ መሰላሉ ላይ ወጣ። ያንን ቤት መጀመሪያ የዘረጋው ሰው ግን ማጥፊያውን ፌዙ (ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው ገመድ) ላይ ሳይሆን ኒውትራሉ (ተመላሹ ገመድ) ላይ ነበር ያስገባው፣ እንደዛ ሲሆን መብራቱ ይጠፋል እንጂ ፌዙ አምፖል መያዣው ድረስ እንዳለ ነው። ኮረንቲ መታው፣ ከመሰላሉ ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሞቹ እጁን ሲጠግኑ ልቡንም በመሣሪያ አዩለት፣ ደህና ነበር። ተራ ስንጠብቅ «ለምን አልለካህም?» አልኩት፣ አንገቱን ደፍቶ «የዛን ቀን እርስዎም አልለኩም እኮ» አለኝ። እኔን ለመውቀስ አልነበረም፣ እውነቱን ነው፣ ጥሩ ባለሙያ እንደዛ የሚሠራ መስሎት ነው።

ማታውኑ ቤተሰቦቹ ጋ ሄድኩ፣ ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ። እናቱ አልጮኹም። «አንተ የት ነበርክ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ማድ ቤት ነበርኩ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም።

ልጁን ከመያዛችሁ በፊት የራሳችሁን እጅ አስተካክሉ የምለው ለዚ ነው። ተረጋግታችሁ ስታስረዱት የነገራችሁትን ይሰማል፣ ግን ሥራው ውስጥ የሚገባለት ስትቸኩሉ፣ ሲደክማችሁ፣ ደንበኛ ሲጨቀጭቃችሁ የምታደርጉት ነው። መለካት ማለት ደግሞ ያቺን በካቻቪት ቅርጽ የተሠራች ባለ መብራት ቴስተር ነካ አድርጎ ማለፍ አይደለም፣ እሷ የምትበራው በራሳችሁ ሰውነት በኩል በሚያልፍ ከረንት ነው፣ ደረቅ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ወይ ፀሐይ ካለ ላትታያችሁ ትችላለች፣ አለመብራቷ የለም ማለት አይደለም። ባለ ሁለት ጫፉን ቴስተር ግዙለት፣ የራሱ ይሁን። መጀመሪያ መብራት እንዳለው የምታውቁት ቦታ ላይ ይሞክረው፣ ከዛ የሚሠራበትን ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና ግራውንድ (የመሬት ገመዱ)፣ ኒውትራልና ግራውንድ እያለ ይለካ፣ ከዛ ተመልሶ እዛው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ቴስተሩን እንደገና ይሞክር፣ ምክንያቱም መሀል ላይ የቴስተሩ ባትሪ ቢያልቅስ?

ልጆች ሁሌ የሚሉት ሌላ ነገር አለ፣ «ብሬከር አለ አይደል፣ ይወርዳል»። እዚች ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ወረቀት ላይ አሳዩት። 16 አምፔር ብሬከር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። ሰው ደግሞ 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲሆን የእጁ ጡንቻ ይጨብጥና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ ጥቂት አስር ሚሊ አምፔሮች ደረቱን አቋርጠው ካለፉ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። አንድ 10 ዋት አምፖል በ220 ቮልት 45 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል። ራሱ እንዲያካፍለው አድርጉ፣ 10 ሲካፈል ለ220። ሰው የሚገድለው ከረንት ያቺን ትንሽ አምፖል የሚያበራው እንደሆነ፣ ብሬከሩ ደግሞ ጭራሽ እንደማያውቀው፣ የተሠራው ገመዱ እንዳይቃጠል እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። በ30 ሚሊ አምፔር የሚወርደው ሊኬጅ ብሬከር፣ አርሲዲ የምንለው፣ ለሰው የተሠራ ነው፣ ግን እሱም ቢሆን ልጁ በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል ይዞ ወደ መሬት የሚያልፍ ከረንት ከሌለ ሰው ይሁን አምፖል አይለይም። እኔ ይሄን ሂሳብ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማሠራቸው፣ ከዛ በኋላ አይናቸው ይቀየራል።

ከአደጋው በኋላ አንድ ነገር ጀመርኩ። ልጁ «ጋሼ፣ ለክተዋል?» ብሎ ካልጠየቀኝ ካቻቪት አላነሳም። መጀመሪያ አፈረ፣ ታላቅን መጠየቅ ከበደው፣ እኔም ዝም ብዬ እጄን አጣጥፌ እቆም ነበር፣ አንዳንዴ ደንበኛው ምን ሆናችሁ እስኪል ድረስ። ሁለት ሳምንት ወሰደበት፣ ከዛ ግን እንደ ሰላምታ ሆነለት። ለክቼም ቢሆን ተቆጥቼ አላውቅም፣ አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

«ገባህ?» የምትሏትንም ተዉአት። የ16 ዓመት ልጅ ባይገባውም አዎ ነው የሚላችሁ። «እሺ አሁን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ያኔ ያልገባው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ለልምምድ ደግሞ አንድ ጣውላ ላይ ሶኬት፣ አምፖል፣ ሁለት ባለ ሁለት መንገድ ማጥፊያ (አንዱን መብራት ከደረጃው ታችም ከላይም የሚያበሩና የሚያጠፉትን) ግጠሙለትና በ12 ቮልት ባትሪ ይሥራ፣ የደረጃ መብራት በ12 ቮልትም በ220ም አዘረጋጉ ያው ነው፣ ልዩነቱ ሲሳሳት እዛ አይጎዳም። ገመድ መላጥ፣ ስክሩ ማጥበቅ፣ ካጠበቁ በኋላ ገመዱን ሳብ አድርጎ ማየት፣ እነዚን መቶ ጊዜ እዛ ይሥራቸው፣ የላላ ገመድ ነው ሶኬት የሚያቃጥለው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮንቬንሽን 138 አደገኛ ሥራን ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅድም፣ አንድ ሀገር ከ16 ጀምሮ ሊፈቅድ የሚችለው ደህንነቱ ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀና በዘርፉ በቂ ስልጠና ካገኘ ነው። ሀገራችሁ ምን እንደሚል ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ኢንሹራንስ ካላችሁም ልጁን ይሸፍነው እንደሆነ አረጋግጡ፣ ካልሆነ አትጀምሩ። ከወላጆቹ ጋ ቁጭ ብላችሁ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ የትምህርት ቀኑን ጻፉት። ክፍያ ያልኩት ክፍያ ነው፣ እያስተማርኩት ነው ብሎ በነፃ ዕቃ ማሸከም ልክ አይደለም። ደንበኛ ቤትም ብቻውን ጥላችሁት አትውጡ፣ አንድ ዕቃ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ሴት ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ የበለጠ አስቡበት።

የደወልክልኝ ልጅ፣ እንግዲህ ሰኞ ይምጣልህ። የመጀመሪያ ቀን ምንም አታሠራው። የምትገቡበት ቤት ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ራሱ ፈልጎ ያግኝ፣ ራሱ በእጁ ያውርደው፣ አንተን ኮረንቲ ቢይዝህ ዘሎ እንዳይነካህ፣ ወደዛ ማጥፊያ እንዲሮጥ ንገረው፣ አንዴ አስሩጠውና እይ። ከዛ ቴስተሩን ስጠው፣ አንተም ከሱ በፊት ምንም እንዳትነካ።